ቅቤ የጠጣው ዘንግ

ተቀመጡ። የሚያስለው ካለ አሁኑኑ ስሎ ይጨርስ፤ መሐል ላይ የሚያቋርጠኝን አልወድም። ተረት ልነግራችሁ ነው። በዓይኔ ያየሁት አይደለም፣ ያየውንም ሰው አላውቀውም፤ ግን እንዲህ ተብሎ ነው የተነገረኝ።

ድሮ፣ ቋጥኝ በሚርበው ዘመን፣ እንጨትም ሲቆረጥ «ወዴት ልትወስደኝ ነው?» ብሎ በሚጠይቅበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር እንየው የሚባል ጀልበኛ ነበር። ሚስቱ ትዋብ ትባላለች። ልጅ አልነበራቸውም፤ በሬም አልነበራቸውም። የነበረቻቸው አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ከዳር ወደ ደሴት ማሽላና ጨው ይወስዱባታል፣ ከደሴት ወደ ዳር ጌሾና ሎሚ ይመልሱባታል፤ በዚያች ይኖራሉ።

ጀልባዋ አርጅታለች። በግራ ጎኗ ያለው ሳንቃ ሳስቷል፤ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። በዚያ ዘመን ጀልባም ትናገር ነበርና አንድ ቀን ጌታዋን እንዲህ አለችው፦

«እንየው፣ ሸክም አይከብደኝም፤ ማዕበልም አልፈራም። እኔ የምፈራው መድረስን ነው። በደረስን ቁጥር ጎኔን ታስመታኛለህ። ይህ ሳንቃ አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ ከተመታ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ማገዶ ነኝ።»

እውነቷን ነበር። ደሴቲቱ ጋ ሲደረስ ውሃው ውስጥ የተተከለ አንድ ግንድ አለ፤ ግንዱ ላይ የገመድ ቀለበት ተንጠልጥሏል፤ ጀልባ የሚታሰረው እዚያ ነው። ከግንዱ በስተግራ ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ ደግሞ ቋጥኝ ተኝቷል፤ ጀርባው ከውሃው በታች ነው፣ አይታይም። ይህ ቋጥኝ ከዚያ በፊት ሁለት ጀልባ በልቷል። እንየው ሸራውን ሲሰበስብ ትዋብ ከጀልባዋ ፊት ላይ ተንጠራርታ ቀለበቱን በእጇ ትይዛለች። አንዳንድ ቀን ትይዘዋለች፤ አንዳንድ ቀን ያመልጣታል። ያመለጣት ቀን ነፋስ ጀልባዋን ወደ ቋጥኙ ይገፋታል፤ እንየውም እግሩን አውጥቶ ቋጥኙን ይረግጣል። እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን የትዋብ ሁለት ጣቶች በግንዱና በጀልባዋ መካከል ገብተው ተጨፈለቁ።

ቋጥኝ ይህን ሲያይ ነፋስን ጠራው።

«ነፋስ ሆይ፣ ይህችን ጀልባ መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

«እኔ ለማንም አልሰጥም፣ ከማንም አልነሣም» አለ ነፋስ። «ሥራዬ መንፈስ ነው። የያዙትን እተዋለሁ፤ ያልያዙትን እወስዳለሁ።»

ቋጥኝም «እንግዲያስ እጠብቃለሁ» አለ። ድንጋይ መጠበቅ አያቅተውም።

ትዋብ ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ባሏን ጠራችውና፣ «እንየው፣ እጄ አጭር ነው። የሚረዝም እጅ አምጣልኝ» አለችው።

እንየው ነገሩ ገባው። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው፣ ከሩቅ ቀለበቱን የሚይዝ። መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ውሃው ዳር አንዲት ይብራ ትዋኝ ነበርና «የምትቆርጠውን እኔ ሳላየው እንዳትወስድ» አለችው። ይብራ በውሃ ላይ ነው የምትውለው፤ ውሃ ላይ ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱም እሺ አላት።

መጀመሪያ ያገኘው ወይራን ነው። ወይራ ገና ሳይጠየቅ ደረቱን ነፋ። የወንድ ልጅ ዱላ እኔ ነኝ፣ ጅብ ያባረርኩ፣ ሸንጎ የገባሁ፣ አንድም ቀን ተሰብሬ የማላውቅ ነኝ አለ። እንየው ወደደው። ማን ወይራ ይጠላል? ቆርጦ ይዞት መጣ። ይብራ አየችውና «ውሃ ውስጥ ጣለው» አለችው። ጣለው። ወይራ ጥልቅ አለና ወደ ታች ወረደ፤ እንየው ልብሱን አውልቆ ጠልቆ አወጣው።

«ዱላ መሬት ላይ ቢያመልጥህ ጎንበስ ብለህ ታነሣዋለህ» አለች ይብራ። «እዚህ ግን ካመለጠህ አመለጠህ። ሌላ ፈልግ።»

ሁለተኛ ያገኘው ሸምበቆን ነው። ሸምበቆ ወሬኛ ነው። እኔ ቀላል ነኝ፣ እኔ ረጅም ነኝ፣ እኔን ሕፃንም ይሸከመኛል እያለ መንገዱን ሙሉ ሲለፈልፍ መጣ። ውሃ ላይ ጣሉት፤ እንደ ላባ ተንሳፈፈ። ከዚያ ይብራ ጫፉን ከዛፍ ጋር አስረው እንዲስቡት አዘዘች። እንየውና ትዋብ ሳቡት። ቀጭ አለና ሁለት ቦታ ሆነ። ወሬውም እዚያው አለቀ።

ሦስተኛ ያገኘው ቀርከሃን ነው። ቀርከሃ ዝም ብሎ ቆሟል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው እንየው።

«እኔማ ምን እላለሁ? ለአጥር ነው የምፈለገው፤ ለቅርጫት ነው የምፈለገው። ሆዴም ባዶ ነው» አለ ቀርከሃ።

ውሃ ላይ ጣሉት፤ ተንሳፈፈ። ሳቡት፤ ጎበጠ፣ ሲለቁት ተመልሶ ቀና አለ። ይብራ ትዋብን በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አቆመቻትና ዘንጉን በአንድ እጇ ወደፊት ዘርግታ እንድትይዘው አደረገች። እንየው እስከ አሥር ቆጠረ። የትዋብ እጅ አልወረደም። እሷ ከምትይዘው በላይ የረዘመውን ግን ቆርጠው ጣሉት፤ ይብራ «ከልክ ካለፈ አንቺ የእሱ አሽከር ትሆኛለሽ» ብላለችና። ከዚያም ሦስት ሳምንት በጥላ አደረቁት።

መንጠቆውን የሠራው ቀጥቃጩ ባዬ ነው። እንየው እንደ ጦር ይሾልልኝ ብሎት ነበር። ባዬ ግን እንቢ አለ። አንድ ጣት ቀጥ አድርጎ ለመግፊያ፣ አንድ ጣት ቆልምሞ ለመሳቢያ ሠራና የሁለቱንም ጫፍ አደነዘዘው። «ስለት ካወጣሁለት መጀመሪያ የሚወጋው የራስህን ጀልባ ነው» አለው። እንየው ቅር እያለው ተቀበለ።

ወደ ደሴቲቱ በሄዱበት ቀን ነፋስ እንደ ልማዱ ነፈሰ፤ ቋጥኝም እንደ ልማዱ ጠበቀ። ትዋብ ዘንጉን አነሣች። ያን ጊዜ ዘንጉ ተናገረ፦

«ትዋብ፣ ስሚኝ። ስትይዢኝ ተንበርከኪ፤ ቆመሽ ከያዝሽኝ ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ነን። ቂጤን በሆድሽ አትደግፊው፤ በጎንሽ በኩል ይለፍ። ጉልበቱ ከበለጠብሽ ደግሞ ልቀቂኝ። እኔ እንሳፈፋለሁ፤ ተመልሰሽ ትወስጂኛለሽ። አንቺን ግን ማን ይመልስሻል?»

ትዋብ ተንበረከከች። ዘንጉን በጎኗ አሳልፋ ሰደደችው፤ መንጠቆው ቀለበቱን ያዘው፤ እጅ በእጅ እየቀያየረች በዝግታ ሳበችው። ጀልባዋ አንድም ቦታ ሳትነካ ግንዱ ጋ ደርሳ ቆመች። ነፋስ አየና የያዙትን ትቶ አለፈ።

ትዋብ በጀልባዋ ቀኝ ጠርዝ ላይ ሁለት ባላ ተክላ ዘንጉን አስተኛችው። እንዳይንከባለልም አንዱን ጫፍ ሲስቡት ወዲያው በሚፈታ ገመድ ሸብ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና እንኳ እጇን ብትሰድ ታገኘዋለች። ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ የጀልባዋ ጎን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጫረም። ጀልባዋም ደስ አላት፤ ዘንጉን «ወንድሜ» እያለች ትጠራው ጀመር።

ቋጥኝ ግን ተራበ።

ከቋጥኙ ሥር አንድ አርጃኖ ይኖር ነበር። አርጃኖ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሲሄድ የቸኮለ አይመስልም፤ ሲናገርም ምላሱ ቀድሞ ይወጣል። እሱም ርቦታል። ጀልባ ሲሰበር እህል ይፈሳል፤ እህል ሲፈስ ዓሣ ይሰበሰባል፤ ዓሣ ሲሰበሰብ አርጃኖ ይበላል።

«አያ አርጃኖ፣ ያንን ዘንግ ስረቅልኝ» አለው ቋጥኝ።

«ምን ብዬ? የሰረቅሁት እንደሆን ነገ ሌላ ቀርከሃ ይቆርጣሉ» አለ አርጃኖ። «የተሰረቀ ዕቃ ይተካል። እኔ አስከብረዋለሁ። የተከበረ ዕቃ አይነካም።»

ይህን ነገር ያዙልኝ። እኔ አርጃኖን አልወደውም፤ ግን ብልጥ ነው።

አርጃኖ ወደ እንየው ደጅ ሄዶ ሰገደ።

«ጌታዬ እንየው፣ ስለ ዘንግህ አገሩ ሁሉ ያወራል። ግን በአንድ ነገር አፈርኩልህ። እንዲህ ያለ ዘንግ ደርቆ፣ ነጥቶ፣ የድሃ ምርኩዝ መስሎ! የሰው ልጅ ዱላውን ቅቤ ያጠጣል፣ ጭስ ያለብሳል። አንተ ዱላ የለህም እንዴ?»

እንየው አፈረ። እውነትም በዚያ አገር የወንድ ዱላ ቅቤ ይጠጣል፤ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ እስኪቀላ ይታጠናል። ትዋብ እሱ የውሃ ላይ ሠራተኛ ነው፣ ቅቤ ምን ያደርግለታል ብትለው አልሰማም። ዘንጉን ቅቤ አጠጣው፤ ሦስት ቀን ጭስ ላይ ሰቀለው፤ በአራተኛው ቀን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሠርግ ቤት ሄደ። ሰው ሁሉ አየው። አንዱ ዳሰሰው፤ አንዱ ከነመንጠቆው ሲያየው ይህ የየት አገር ከዘራ ነው አለ። የእንየው ልብ አበጠ። እውነቱን ለመናገር ዘንጉም ወደደው። አጥርና ቅርጫት የሚሆን ቀርከሃ ሠርግ ቤት ገብቶ ሲያብለጨልጭ ለምን አይወድ?

በሚቀጥለው ጉዞ ትዋብ ተንበረከከች፣ ዘንጉን ሰደደች፣ ቀለበቱን ያዘች፣ ሳበች። እጇ በቅቤው ላይ ሙልጭ አለ። ዘንጉ ከመዳፏ ሾልኮ ሄደና ውሃ ላይ ወደቀ። ጀልባዋ ወደ ግራ ዞረች፤ እንየው እግሩን አውጥቶ ቋጥኙን ረገጠው፤ ጎኗ ቋጥኙን ታክኮ አለፈ። እንደምንም ዞረው ዘንጉን ለቅመው ጀልባዋን ግንዱ ላይ አሰሩ።

«እንየው፣ ሳንቃዬ ሲጮህ ሰማሁት» አለች ጀልባዋ።

ትዋብ ያን ቀን ዘንጉን በአመድና በአሸዋ ስትፈትገው ዋለች። እጅ በሚይዝበት ቦታ ላይ ቀጭን ገመድ ጠመጠመችለት፤ ተመልሶም ባላው ላይ ተኛ። ነገሩ በዚህ ቢበቃ እኔም ተረቴን እዚህ ጨርሼ በተኛሁ።

አርጃኖ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ሰገደ።

«ጌታዬ እንየው፣ ሠርጉ ላይ ዘንግህን ያየው ሰው ብዙ ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል? እንዲያ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ፣ ወጪ ወራጁ እየተራመደው፣ አንድ ቀን ብድግ አድርጎ የሚሄድ አይጠፋም። የከበረ ዕቃ ይሸሸጋል እንጂ እንደ እህል ይሰጣል እንዴ?»

እንየው እውነትም እንቅልፍ አጣ። ዘንጉን ከባላው ላይ አንሥቶ ከጀልባዋ ወለል ላይ አስተኛውና ጆንያዎቹን ከላይ ደረደረበት። ለትዋብ ሳይነግራት ሄዱ። ደሴቲቱ ስትቀርብ ትዋብ እጇን ወደ ባላው ብትሰድ ባላው ባዶ ነው። ዘንጉ የት አለ ብትል ከጆንያው ሥር አላት። አንድ ጆንያ ጎተተች፣ ሁለተኛ ጎተተች፣ ሦስተኛው ከመንጠቆው ጋር ተያይዞ ተቀደደ፤ ማሽላው ፈሰሰ። ዘንጉን ያወጣችው ከቋጥኙ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ነው። ቀጥ ባለው ጣት ቋጥኙን ገፍታ ጀልባዋን መለሰቻት።

ጀልባዋ ከታሰረች በኋላ ትዋብ የፈሰሰውን ማሽላ አፍሳ ጨረሰች። ኋላ እጇን ዘርግታ የጎበጡትን ሁለት ጣቶቿን አሳየችው።

«እንየው፣ ዘንጉ የመጣው በእነዚህ ፋንታ ነው። እጄ የማይደርስበት የምታኖረው ከሆነ ጣቶቼን መልስልኝ።»

እንየው አፍሮ አቀረቀረ። ዘንጉም ወደ ባላው ተመለሰ።

ዘንጉ ባላው ላይ በተኛ በአምስተኛው ቀን የትዋብ አጎት ሞተና ለለቅሶ ሦስት ቀን ሄደች። አርጃኖ ይህችን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ሰገደ።

«ጌታዬ እንየው፣ ሚስትህ ልክ ናት» አለ። «መሸሸግ አይገባም፤ በሚታይበት ይሁን። ጀልባህ ላይ ከፍ ያለው ቦታ ምንድን ነው?»

«የሸራው ምሰሶ ነዋ።»

«እንግዲያስ እዚያ ይቁም፤ ሰው ሁሉ ይየው። ለሌባው ነገር ደግሞ ጠፍር የለህም? አልጋህ በምን ተጠፈረ? ሞፈርና ቀንበርስ በምን ነው የሚታሰረው? በጠፍር የታሰረ ዕቃ ሲሰረቅ ሰምተህ ታውቃለህ?»

እንየው አሰበ፤ ሰምቶ አያውቅም። አያችሁ፣ አርጃኖ አንድም ቀን አልዋሸም። ቅቤ ያሳምራል፤ እውነት ነው። የተሸሸገ አይሰረቅም፤ እውነት ነው። በጠፍር የታሰረ አይነቀልም፤ ይህም እውነት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንየው የበሬ ቆዳ ጠፍር ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰ። ዘንጉን ከምሰሶው ጋር አጣብቆ አቆመውና ሰባት ዙር አዞረበት፤ በየዙሩ አንድ ቋጠሮ፣ ሰባት ቋጠሮ። አልጋ ሲጠፍር እንደሚያደርገው እግሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ አጠበቀው። ሦስት ቀን ፀሐይ አገኘው። እርጥብ ጠፍር በፀሐይ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ቀንድ ይሆናል።

ትዋብ ከለቅሶ ስትመለስ ጌሾ የሚጭነው ነጋዴ ደሴቲቱ ላይ ይጠብቅ ነበር። ማሽላው ተጭኗል፤ ነፋሱም ደህና ነው። ዘንጉን ምሰሶው ላይ አየችው። ቋጠሮውን በጥፍሯ ነካችው፤ ጥፍሯ አልገባም።

«ሳንነሣ እንፍታው» አለች።

«ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስንመለስ እፈታዋለሁ» አለ እንየው።

«ሳንነሣ ፍታው እንጂ» አለች ጀልባዋም።

ዘንጉም ከላይ ሆኖ «እንየው፣ ጌታዬ፣ እኔ እንኳ መነቃነቅ አልቻልኩም» አለ። ቅቤውን በጠጣ ጊዜ የነበረው ኩራት ያን ቀን አልነበረበትም።

«ስንመለስ አልኳችሁ። ቢብስ ቢላዋ አለ» አለ እንየው።

ስንመለስ። ይህች ቃል ስንቱን በላች።

ነፋስ ከኋላ ነው፤ ቶሎ ደረሱ። ግንዱ ታየ፤ ቀለበቱ ታየ፤ ቋጥኙ አልታየም፣ እሱ መቼም አይታይም። ትዋብ ቢላዋውን ይዛ ወደ ምሰሶው ሄደች። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ብትገዘግዘው የማይቆረጥ ሆነ፤ ኋላ ተቆረጠ። ስድስት ቀረ። ሁለተኛውን ያዘች። እንየው አላስቻለውም፤ ሸራውን ትቶ ሊረዳት መጣ። የተተወውን ሸራ ነፋስ ሞላበት፤ ጀልባዋ ከግንዱ አለፈች። አምስት ቀረ። ትዋብ ቢላዋውን ጥላ ወደ ፊት ሮጠች፣ እንደ ድሮው ተንጠራራች፤ ቀለበቱ ከጣቶቿ ጫፍ አንድ ስንዝር ራቀ። ዘንጉ ምሰሶው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀለበቱን ያየዋል። ቢዘረጋ ይደርስበታል። አልተዘረጋም።

ጀልባዋ ውሃው ከቋጥኙ ጀርባ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ልጆቼ፣ በቀኝ በኩል ዝለሉ» አለቻቸው።

ከዚያ በፊት ልጆቼ ብላቸው አታውቅም። ዘለሉ። ውሃው ደረታቸው ድረስ ነበር። ጀልባዋ በግራ ጎኗ ሄዳ ቋጥኙ ላይ ወደቀች፤ ሦስት ጊዜ የተጠገነው ሳንቃ ተሰበረ። የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጮክ ያለ አልነበረም። ምሰሶው ከነሸራው ከነዘንጉ ተገንድሶ ውሃው ላይ ተጋደመ። ማሽላው ፈሰሰ፤ ዓሣ ተሰበሰበ፤ አርጃኖ ወረደ።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተነገረኝ።

ባልና ሚስት ዳር ወጥተው ቆሙ። ትዋብ የሞተ ሰው እንዳለባት ጮኻ አለቀሰች። እንየው አላለቀሰም። ልቅሶዋ ሲወጣላት ትዋብ ወደ ውሃው አየች። ቋጥኙ ጋ፣ ማዕበሉ ከሚመታበት፣ ሰው ከማይደርስበት፣ ዘንጉ ከምሰሶው ጋር እንደታሰረ ይንሳፈፋል። በአመድ ተፈትጎ ያልወጣው፣ ውስጡ የጠጣው ቅቤ ውሃውን እየገፋ ያብለጨልጫል። አንድ ጭረት የለበትም።

«ያውልህ ዘንግህ» አለችው። «ማንም አልሰረቀብህም።»

ሁለት ቀን ዳር ላይ ተቀመጡ። የደሴቲቱ ሰዎች ምግብ አመጡላቸው፤ እንየው አልበላም። በሦስተኛው ቀን ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ራሰ፤ ለሰለሰ፤ የቀሩት አምስት ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ማንም ሳይነካቸው ተፈቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ዘንጉ ተለቀቀ። ነፋስ የያዙትን ይተዋል፣ ያልያዙትን ይወስዳል፤ ያልተያዘውን ዘንግ ወስዶ ከእንየው እግር ሥር አደረሰው።

«መጣሁ» አለ ዘንጉ።

እንየው ዝቅ ብሎ አየው። «አሁን ምን ልያዝብህ?» አለው።

«የቀረውን» አለ ዘንጉ።

እንየው ውሃው ዳር ተንበረከከ። ዘንጉን በጎኑ አሳልፎ ሰደደው። አንድ ሳንቃ ያዘ፣ ሳበ፤ ዳር ላይ አኖረው። ሌላ ሳንቃ ያዘ፣ ሳበ። ሸራውን ሳበ፤ መሪውን ሳበ። ዘንጉ አንድም ጊዜ አልሳተም፣ አንድም ጊዜ አላዳለጠም፤ ሥራውን አሳምሮ ሠራ። ትዋብ ከኋላ ሆና የሚወጣውን እየተቀበለች ትደረድራለች። በመጨረሻ የግራ ጎኑ ሳንቃ መጣ፤ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እንየው እሱን በእጁ ከውሃው አንሥቶ አቀፈው፤ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ኋላ ሌላ ጀልባ ሠሩ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አንዳንዱ ሠሩ ይላል፤ አንዳንዱ እንየው የሰው ጀልባ እየቀዘፈ አረጀ ይላል። እኔ የማውቀው የዚያ ሐይቅ ጀልበኞች እስከ ዛሬ ዘንጋቸውን ባላ ላይ አስተኝተው፣ አንድ ጊዜ ሲስቡት በሚፈታ ገመድ ሸብ አድርገው እንደሚሄዱ ነው። ቢሰረቅባቸውም ሌላ ይቆርጣሉ።

ለክፉ ቀን ያኖሩትን ከሌባ እጅ ሲያርቁ፣ ከራስ እጅ ያርቁታል።

ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ። ቅቤ አትቀቡት፤ አትጠፍሩት፤ እጃችሁ በሚደርስበት አኑሩት።